የሁለተኛው ወንበር ጡሩምባ

ፊሽካን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። በኋላ "ለአክስቱ አዳልቶ ነው" የሚለኝ ቢኖር መልሴ "አዎ፣ አዳልቼ ነው" የሚል ነው።

አክስቴ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሚበጠስ ክር ቀጣይ ነበረች። ፊሽካ ደግሞ የፈረቃዋ አለቃ። በማሽኑ ጩኸት ሰው መጥራት ስለማይቻል አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ፊሽካ ሠራተኛውን እንደ ከብት ይነዳው ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣለት። ፋብሪካው የሠራተኞች ኦርኬስትራ ነበረው፤ ያቋቋመው የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ነው። መሣሪያ ገዛና ሰዎቹን እንደ ችሎታቸው ሳይሆን እንደ ሥራ መደባቸው አስቀመጣቸው። ከሁለቱ ጡሩምባ ነፊዎች አንደኛው ወንበር ለፊሽካ፣ ሁለተኛው ለአክስቴ ሆነ። የምትበልጠው እሷ እንደሆነች የዘበኛው ውሻ እንኳ ያውቅ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹ ለቁራጭ ብረት ተሸጡ፤ ኦርኬስትራው ግን በባዶው መጋዘን ቀጠለ። የሰፈሩ ሰው ገባበት፦ ልብስ ሰፊ፣ ፋርማሲስት፣ በስተመጨረሻም ከበሮ መቺው እኔ። አለቃ የለ፣ ፈረቃ የለ፤ ወንበሮቹ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

ኦርኬስትራው አርባ ዓመት ሊሞላው አራት ዓመት ሲቀረው የፊሽካ የፊት ጥርሶች ረገፉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ፤ ሲነፋ እየተንሸራተተበት ትንፋሹ ሁሉ በጎን ያመልጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበሩን ይለቅ ነበር። እሱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ጡሩምባውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ጣቶቹን ብቻ ማንቀሳቀስ ያዘ። ድርሻውን ከጎኑ ሆና የምትነፋለት አክስቴ ናት። እንድትነፋለት የለመናት መሪያችን፣ የሙዚቃ አስተማሪው ነው።

"እትዬ፣ ለኦርኬስትራው ክብር ሲሉ ይቻሉት" አላት።

"እችለዋለሁ። በአርባኛው ዓመት በዓል ላይ ግን ብቻዬን ቆሜ እነፋለሁ። በስሜ።"

"ቃሌ ነው።"

አራት ዓመት ጥርሷን ነክሳ ነፋችለት። አንድ ቀን እንኳ አላመሰገናትም። ይባስ ብሎ በልምምድ መሀል "ዛሬ አፈጠንሽ" ይላታል። የማንን ትንፋሽ ነው የሚያርመው? እኔ ብሆን ጡሩምባውን አናቱ ላይ እሰብረው ነበር።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አክስቴ ለዚያች ቀን ብላ አዲስ ቀሚስ አሰፍታለች። የኦርኬስትራውን ታሪክ ጽፎ ያነበበው ፊሽካ ራሱ ነው። ሥራ አስኪያጁን በአንድ መስመር ሸኘው፣ ራሱን "መሥራች" አለ፣ ስለ አክስቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና "ለብቻ የሚነፋውን ዜማ እኔ አቀርባለሁ" ብሎ ከፊት ቆመ። አክስቴ መሪውን አየችው። መሪው ጫማውን አየ።

ጀመርን። የጡሩምባው ተራ ሲደርስ ፊሽካ ጉንጩን ነፋ፣ ጣቶቹ ተርመሰመሱ። ድምፅ የለም። አክስቴ ጡሩምባዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፊት ለፊት ታያለች።

"ንፊ እንጂ" አላት በሹክሹክታ።

"እርስዎ ይንፉ፣ አለቃ።"

ነፋ። የወጣው የሚተነፍስ ጎማ ድምፅ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። አክስቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ተነሣች፣ ስሟን ራሷ ለአዳራሹ ተናገረች፣ ዜማውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነፋችው። እኔ ከበሮውን ረሳሁት።

ከመድረኩ ስትወርድ ፊሽካ ጠብቆ ያዛት። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"እኔ ምን አደረግኩዎት? መንፋት ነው የተውኩት።"

በሚቀጥለው ልምምድ ቀድማ መጥታ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንንም አላስፈቀደችም። ፊሽካ ገባ፣ አያት፣ "ወንበሬ ነው" አለ። ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። ትንሽ ቆሞ ሁለተኛው ላይ ተቀመጠ።

እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የሚያነቡት የኖታ ወረቀት ግን አንድ ነው፤ ገጽ መግለጥ ደግሞ የሁለተኛው ወንበር ሥራ ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ አክስቴ ጡሩምባዋን ሳታወርድ ትጠብቃለች። እሱም ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይገልጥላታል።