የቡሎን እናት ከፊት ወንበር

ቡሎን የምንለው የፈትል ፋብሪካችንን መካኒክ ነው። አጭር ነው፣ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥቶ ግጥሙን በቃሉ ያንበለብለዋል። ዘንድሮ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ላይ ሲጋበዝ ከሱ ይልቅ እኛ ተንጠባረርን። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ፤ እናቱ ማንም ሳይጠራቸው «እኔም እመጣለሁ» ብለዋላ።

እናቱ እዚሁ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ማሽኑ ጆሯቸውን ይዞት ቀረ። እኛ በዚያ ጩኸት መሃል የምንነጋገረው ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነው፤ እሳቸውማ የሰው ከንፈር እንደ ጋዜጣ ያነባሉ። ከፋብሪካ ውጪ ግን የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ ይጮኻሉ።

ግጥሙ ስለዚሁ ጩኸት ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጮኸው ሲጠሩት፣ ጓደኞቹ «እናትህ ናት?» ቢሉት፣ «አይደለችም» ብሎ ክዷቸዋል። ይህን እስከ ዛሬ አልነገራቸውም። ወር ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሞ ሲለማመድ እንኳ፣ ከኋላው ልብስ ለሚያጣጥፉት እናቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

«ሌላ ግጥም አቅርብ በቃ» አልኩት ከመድረኩ ጀርባ።

«ርዕሱ ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል። ማይኩን አፌ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እናቴ ከንፈሬን አታይም።»

«አንተ! እናትህን ልትሸውድ?»

«ታዲያ ሰው ፊት ላዋርዳት?» ተናደድኩበት፤ አሳዘነኝም።

ሄጄ ከፊት ወንበር ከእናቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። «ልጄ መቼ ነው የሚወጣው?» ብለው ሲጮሁ ሰው ሁሉ ዞረ። ደንግጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ወጣ። ማይኩ ከንፈሩን ሸፍኖታል። አጀማመሩ ደህና ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ጋ ሲደርስ «እናትህ ናት? አሉኝ» አለና ቀጥ አለ። አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። መድረክ መሪዋ ሰዓቷን አየች። ቡሎን እናቱን ያያል። እኔ በሱ ፈንታ ላብ አጠመቀኝ።

ወደ እናቱ ዞርኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ትንፍሽ ሳይሉ፣ ማሽን መሃል እንደምንነጋገረው ቀስ አድርገው፣ «አይደለችም አልኩ» አሉት። ለካ ወር ሙሉ በመስተዋቱ ሲያነቡት ከርመዋል። «በል እንጂ ልጄ» ብለው ጨመሩ፤ እንዳያሳፍሩት ድምፃቸውን አፍነው።

ቡሎን ማይኩን ከአፉ አውርዶ ደረቱ ላይ ያዘው።

«አይደለችም አልኩ» አለ፣ ከንፈሩን አጉልቶ፣ እሳቸውን ብቻ እያየ።