በዓለም ያልነበረ ነጭ ዱቄት

አባቴ ቀየት ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለች ደብር የሚቀድሱ ካህን ናቸው። እንደ ጎረቤቶቻችን ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። በጎቻችን ክረምቱ ሲወጣ ይከሳሉ፤ አገጫቸው ሥር ያብጣል፤ ሲታረዱም ጉበታቸው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ትል ይገኛል። ከእንስሳት ክሊኒክ የሚሰጠው ክኒን ድሮ ያድናቸው ነበር። እየቆየ ግን ትሉ ለመደው።

አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ኬሚስትሪ ስማር መምህሬ የመመረቂያ ሥራ ምረጪ ቢሉኝ ያንን መድኃኒት መረጥኩ። የመድኃኒቱን የሞለኪውል ቅርጽ በወረቀት ስዬ፣ ትሉ የለመደው የመሰለኝን አንዱን ጎን በሌላ ተካሁት። መምህሬ ስዕሉን ቆይተው አዩት።

«ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። ሂጂና ሥሪው» አሉኝ።

መሥራቱ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ፈጀ። ውህዱን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥጄ መብራት ይጠፋል፤ አንዱ ኬሚካል ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ሲሳካልኝም የማገኘው የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ነበር። አንድ ጠዋት ማሟሚያውን ፈሳሽ ቀይሬ፣ ብልቃጡን በረዶ ውስጥ አስቀምጬ፣ ውስጡን በብርጭቆ ዘንግ ፋቅ ፋቅ ባደርገው ነጭ ነገር እንደ ውርጭ ከዳር ወደ መሐል ይረጋ ጀመር። እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ብልቃጡን ሳላነቃንቅ መምህሬን ጠራኋቸው።

«መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ ይመርመር፤ ከዚያ ትስቂያለሽ» አሉ። እኔ ግን ቀድሜ ስቄ ነበር።

ምርመራው ወረቀት ላይ የሳልኩት ራሱ መሆኑን አረጋገጠ። ከቄራ ከመጣ ጉበት የወጡ ትሎች ላይ ስንሞክረው፣ ክኒኑ ያልበገራቸው ትሎች ሳህኑ ላይ መንቀሳቀስ አቆሙ።

ለፋሲካ አገሬ ገባሁ። አባቴ አጠገባቸው አስቀምጠው ጠየቁኝ።

«ምንድን ነው የሠራሽው?»

«ከዚህ በፊት በዓለም ያልነበረ ነገር ነው፣ አባባ።»

«መፍጠር የእግዚአብሔር ነው» አሉ።

«አልፈጠርኩም። እሱ የፈጠረውን ፈትቼ በሌላ መልክ ገጠምኩት።»

«እንግዲያው እንደ ቅኔ ነዋ» አሉ ፊታቸው ፈታ ብሎ። «ቃሉ የቆየ ነው፤ ቅኔው ግን አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም።»

በማግስቱ ሰንበቴ ላይ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ነገሩ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለጉልበቴስ?» ሲሉኝ አባቴ ቀደሙኝ።

«እሷ ገና የበግ ናት። በጎቹን ትጨርስና ወደ እኛ ትመጣለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ራሴን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።

በኋላ ዱቄቱ በሕይወት ባሉ በጎች ሲሞከር ሰውነታቸው ውስጥ ቶሎ እየተሰባበረ ስለሚወጣ መድኃኒት ለመሆን አልበቃም። ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ግን ከእሱ ተነሥተው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ሠሩ። ሞባይል እኛ ዘንድ በገባ ሰሞን ነበርና ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እነሱ የተነሡት ከማን ሥራ ነው?» አሉ።

«ከኔ።»

«ታዲያ ድምፅሽን ምን ዝቅ አደረገው? ጮክ ብለሽ ንገሪኝ እንጂ፣ እናትሽም ትስማ።»

ጮክ ብዬ እንደገና ነገርኳቸው።