ከአስቴር ጋር ወደ ብሮክቪል

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ታላቅ እህቴ አስቴር ከምትኖርበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ መጥታ፣ እኔ የምኖርበት ስካርቦሮ፣ ደጃፌ ላይ ክላክስ አደረገች። «የሁለት ቀን የመርከብ ጉዞ ቡክ አድርጌያለሁ፤ እምቢ እንዳትዪኝ» ብላኝ ነበር። ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነው። የሄድኩት ወንዝ ለማየት አይደለም፤ ወይ እንታረቅ ወይ ይለይልን ብዬ ነው።

እናታችን አዲስ አበባ ከዚህ ዓለም ስታርፍ አስቴር በማግስቱ ሰማች። እኔ የነርስነት ፈተና ነበረብኝና አስራ አንድ ቀን ደበቀችኝ። ፈተናው ሲያልቅ ሽማግሌዎች ይዛ ንጋት ላይ በሬን አንኳኳች። መርዶ እንደዚያ እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በእነዚያ ቀናት «እማዬ እንዴት ናት?» ስላት «ደህና ናት» ትለኝ ነበር። እሱ ነው ከሆዴ አልወጣ ያለኝ።

ኪንግስተን ከተማ ስንደርስ መኪናዋን አቁመን መርከቡ ላይ ወጣን። ሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ደሴቱ አያልቅም፤ አንዳንዷ ደሴት አንድ ቤት ብቻ ነው ያላት።

«እነዚህ ሰዎች ጨው ሲያልቅባቸው ከማን ይበደራሉ?» አለች አስቴር። ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ

ብሮክቪል ወረድን። የድሮ የድንጋይ ቤቶች፣ አምስት ዶላር የሚሸጥ አይስክሬም፣ ከከተማው ሥር ደግሞ ጥንታዊ የባቡር ዋሻ። አሁን ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ውስጡ ይበርዳል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። መሃል ስንደርስ አስቴር ቆመች።

«ሰኒ፣ እኔን ማን እንዳረዳኝ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ማን ነው?»

«ስልክ። ሥራ ቦታ፣ ብቻዬን። አንቺ ጋ እንዳይደርስ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ነበር የማለቅሰው። አስራ አንዱንም ቀን።»

እኔን ያን ጠዋት ስንት ሰው ደግፎኛል! እሷን ማንም አልደገፋትም፤ ጭራሽ እኔ ኩርፊያ ጨመርኩባት።

«ይቅር በይኝ፣ አስቱዬ።»

«አንቺም ይቅር በይኝ። ያቺ ‹ደህና ናት› ያልኩሽ እኔንም አላስተኛችኝም።»

ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ደንግጣ ደህና መሆናችንን ጠየቀችን። «ደህና ነን» አልናት።

እሁድ

በመርከቡ ተመልሰን፣ መኪናችንን ይዘን ወደ ቤት። ስካርቦሮ ልንገባ ስንል የአስቴር ስልክ ጠራ። የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች። ከዚያ ስልኩን በመካከላችን አስቀምጣ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ሃሎ» አልን፣ እኩል።