እናቴ የጠጣችልኝ ቡና

ሰሞኑን የሩዝ ውቂያው አቧራ ሲነሳ የድሮው የትንፋሽ ሕመሜም አብሮት ተነሳና ወረታ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መድኃኒት ቤት ያለው ወጣት ክኒኑን እየሰጠኝ፣ «አባባ፣ ጠዋት ምግብ ከበሉ በኋላ ነው የሚውጡት። በራስዎ እንዳያቋርጡት። ደግሞ ቡና አያብዙ፣ ከዚህ ጋር ሲሆን እንቅልፍ ይነሳዎታል» አለኝ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳል አስከትሎ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጁ ግራ ገብቶት ውኃ ሊያመጣልኝ ተነሳ። ምን ያውቃል! እኔ ያቺን ምክር በገዛ ገላዬ የተማርኳት ሰው ነኝ።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነው። እዚያ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ ከደጅ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ለመድረስ እስከ ጉልበት ጭቃ መዝለቅ ነው። ውኃው ሲሸሽ ሩዙ ቢጫ ይሆናል፣ አጨዳው ይደርሳል፣ ከዚያ በሬ ይጠመድና ውቂያ ነው። በዚያ ዓመት አውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳሁ ሳለ የገለባው ብናኝ ደረቴን ዘጋው። ትንፋሼ ወይ አይወጣ፣ ወይ አይገባ! ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ እንደሰመጠ ሰው አየር ፍለጋ አፌን ከፈትኩ። አባቴና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ አደረሱኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር አልማዝ የምትባል፣ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች ነርስ ነበረች። የሰጠችኝ ክኒን ፕሬድኒሶሎን ይባላል። «ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ተሻለኝ ብለህ ድንገት እንዳታቆመው። ስንቀንስ እኛው ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን» አለችኝ። እውነትም ብዙም ሳይቆይ ደረቴ ተከፈተ። ያቺን የመጀመሪያ ሙሉ ትንፋሽ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ እርጥብ የሩዝ ቃርሚያ ትሸት ነበር።

መከራው የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ አገር ታማሚ ለብቻው አይተውም። የመንደሩ ሴቶች ጀበናቸውን ይዘው ተራ በተራ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ሲኒ የታማሚው ናት። ከዘጌ የመጣ ቡና፣ ጨው ጣል ተደርጎበት! አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶናው አለ፤ በረካው ደግሞ ምርቃት ስላለበት ጨርሶ እምቢ አይባልም። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ጀበናቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ሌላዋ ትገባለች። እኔም ዋል አደር ብሎ የተሻለኝ ጎረምሳ፣ ልክ እንደ ሙሽራ ከበውኝ ሲውሉ ደስ ብሎኝ ያቀረቡልኝን ሁሉ እገለብጥ ነበር። ክኒኑንም የምውጠው በዚያው ቡና ነው፤ ቁርስ ማን አስታውሶት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዴ ይቃጠላል፣ እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። መቀመጥ አቃተኝ። ከመደብ እነሳና በረት እሄዳለሁ፣ ከበረት ጓሮ፣ ከጓሮ አውድማ። ያልፈረሰ አጥር አፍርሼ እንደገና አጠርኩ። በሬ ሲያገሳ እደነግጣለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ እቆጣለሁ። መንደሩም መንሾካሾክ ጀመረ። «ክኒኑ ነው አእምሮውን የነካው» አሉ እትዬ ጥሩ፣ ሲኒዬን እየሞሉ።

አንድ ጠዋት ክኒኔን ከተቀመጠበት አጣሁት። «እናና፣ ክኒኔስ?» አልኳት እናቴን።

«ደብቄዋለሁ» አለች። «ትንፋሽህን ሰጥቶ ልብህን ሊወስድብኝ ነው። አልሰጥህም!»

አባቴም፣ «ነገ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዤው እወርዳለሁ፤ ሌላ አያሻውም» አለ። ፈራሁ። አውድማው ላይ አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ሰዓት ትዝ አለኝ። ግን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ የሚሰጠኝ ከሆነ ትንፋሼን ለመሸጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እግዜር ሲያመጣው በዚያው ረፋድ ሲስተር አልማዝ ለሕፃናት ክትባት መንደራችን መጥታ ኖሮ እግረ መንገዷን ልትጠይቀኝ ገባች። እናቴ ስሞታዋን ስትዘረግፍላት እትዬ ጥሩ ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ያ ሳያልቅ ሌላ ጎረቤት ጀበናዋን ይዛ ከተፍ አለች። ሲስተር ዓይኗን ከሲኒዬ ላይ አልነቅልም አለች።

«ይሄ ከጠዋት ስንተኛህ ነው?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት!»

«እማማ» አለቻት እናቴን፣ «ክኒኑ ብቻውን እንኳ እንቅልፍ ይቀንሳል። በላዩ ላይ ቀኑን ሙሉ ቡና እያፈሰሱበት ልጁ እንዴት ይተኛ? ቁርሱን በልቶ ይዋጠው፤ ካማረው ከቁርሱ ጋር አንዲት ሲኒ ይጠጣ፣ ከዚያ ይብቃው። ወንዛዬም ቢሄድ ይሂድ። ክኒኑን በአንዴ ካቆመ ግን ትንፋሹ ተመልሶ ይዘጋል፤ የባሰም ይመጣል።»

የእትዬ ጥሩ ፊት ጠቆረ። «እንግዲህ ልጁን ያሳመምነው እኛ ነን በይኛ!» ብለው ጀበናቸውን አንስተው ብድግ አሉ። እናቴ ተጨነቀች። እኔ በቃሬዛ ስሄድ ከብቷን የጠበቁላት፣ ሩዟን የሰበሰቡላት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት ቡናችሁን አልፈልግም ትበላቸው?

ጓዳ ገብታ ክኒኔን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ከሌላው እጄ ሲኒውን ወሰደች። «ጥሩዬ፣ ተቀመጪ እቴ፣ ምን አጠፋሽ? የሱን እኔ እጠጣለታለሁ፤ አንቺ ምርቃቱን ለሱ አድርጊው» አለችና እስከ አተላው ጨለጠችው። እትዬ ጥሩ አፍጥጠው አዩዋትና ሳቃቸው አመለጣቸው። ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ሲኒው ይመጣል፣ እኔ ይዤ እመረቃለሁ፣ እናቴ ትጠጣለች። እንቅልፌ ተመለሰ። ክኒኑም ቀስ በቀስ ተቀንሶ በሰላም አለቀ። ጉዱ የእናቴ ነው! ገና ሲመሽ የምታንቀላፋው ሴትዮ የተለቀመ ሩዝ መልሳ ትለቅማለች፣ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች፣ ግቢውን ጎህ ሳይቀድ ጠርጋ ትጨርሳለች። «አሁንስ ወንዛዬ እሷን ልውሰዳት እንዴ?» ይላል አባቴ። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ልጅነት አይደል፣ አስቂኝ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ትናንት ጎረቤቴ መታመሜን ሰምታ ጀበናዋን ይዛ መጣች። ሲኒውን ተቀብዬ ተመረቅሁና እጄ ሳላዝዛት ወደ ጎን ተዘረጋች። እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ባዶውን ቦታ እያየሁ ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይሄኔ ይህን ታሪክ እየደጋገምኩ ሳሰለቻት ያደገችው ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሲኒውን ከእጄ ወስዳ ጨለጠችው። ቶናውንም፣ በረካውንም እንደዚያው።

ዛሬ ማለዳ ከጥሩ እንቅልፍ ነቅቼ ብወጣ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ትናንት ማታ የታጠበው ዕቃ እንደገና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል።