የሟች አረማመድ

ካሉንዴ በየማለዳው በሯን ከፍታ ስትወጣ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ ለባሕሩ ምላሷን ታወጣለች። ረዘም አድርጋ፣ እስከ አገጯ ድረስ። ከዚያ ምላሷን ሰብስባ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ጎረቤቶቿ ለምደውታል። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ደንግጦ ሲያፈጥባት ግን «ለአንተ አይደለም፣ ለእሱ ነው» ትልና በአገጯ ወደ ውሃው ትጠቁመዋለች።

ጠባቸው የቆየ ነው። ካሉንዴ የታቦራ ልጅ ናት፤ ባሕር በወሬ ብቻ የሚታወቅበት፣ የማርና የኦቾሎኒ አገር። ባሏ ሾማሪ በባቡር ላይ ወጥ ሠሪ ነበር። ጡረታ ሲወጣ «እንግዲህ አገሬ ልግባ» አለ። አገሩ ማፊያ ደሴት ላይ ነው፤ ምሳሲኒ የምትባል፣ ከሰዎቿ ኮኮናቶቿ የሚበዙ መንደር። ካሉንዴ ያኔ አርባውን አልፋለች። ልጅ አልወለዱም። ታቦራ የምትቀርበትን ምክንያት ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው የእህቷን ፍየሎች ብቻ ስለነበረ ዕቃዋን ጠቅልላ ተከተለችው።

ጀልባው ላይ ከመነሻ እስከ መድረሻ አስመለሳት። ሆዷ ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ አላቆመም፤ የአንዲት ሴትዮ ዶሮዎች በተቀመጡበት ቅርጫት ላይ ሳይቀር ወረደባቸው። ሾማሪ ጀርባዋን እያሻሸ ደረስን ደረስን ይላታል። እሷም ከታቦራ ሲነሱ ጀምሮ ደረስን እንዳለ፣ ውሸታም መሆኑን እናቷ ገና ሲያጫት እንደነገረቻት ታስታውሰዋለች። ማታ ላይ ደረሱ። ውሃው ደጃፋቸው ሥር ሲንቦጫረቅ ትታው ተኛች። ጠዋት ብትነሳ ባሕር የለም። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ጭቃ ብቻ።

ሾማሪን ቀሰቀሰችው። «ባሕርህ ሄዷል» አለችው። «በል እኛም እንሂድ።»

ሾማሪ እየሳቀ፣ ባሕሩ ዕለት በዕለት እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ነገራት። ያን ያህል ሰው ሲያንገላታ ውሎ ጠዋት ሹልክ ብሎ የሚጠፋ ነገር ክብር አይገባውም ብላ ወጥታ ምላሷን አወጣችበት። እስካሁን አልታረቁም።

ጭቃውን ቻለችው። ዓሣውንም፣ ሙቀቱንም፣ የአማቶቿን ምክርም ቻለችው። አንድ ነገር ግን ከነከናት። በታቦራ ሰው ሲሞት ማልቀስ የዘመድ ሥራ ነው፤ መሳቅ ደግሞ የምታኒ። ምታኒ ማለት በቀልድ የተዛመደህ ሰው ነው። የካሉንዴ ወገኖች ንያምዌዚዎች ናቸው፤ ከባሕር ዳርቻዎቹ ከዛራሞዎች ጋር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምድና አላቸው። ምታኒህ በገበያ መሀል ይሰድብሃል፣ ከአፍህ ሊደርስ የተቃረበውን ሥጋ ይነጥቅሃል፣ አንተም መቀየም አትችልም። ስትሞት ደግሞ ልብስህን ለብሶ ይመጣል። እንደ አንተ ይራመዳል፣ በአንተ ድምፅ ይናገራል፣ ለቀስተኛው እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል። ምታኒ ያልደረሰለት ሟች፣ ካሉንዴ እንደምታስበው፣ ተጣለ እንጂ አልተቀበረም።

በመጡ በሳምንቱ ሾማሪ አጥር ሲጠግን አጠገቡ ቆመች።

«እኛ እዚህ ስንሞት ማን ነው የሚስቅብን?»

ሾማሪ ገና ዕቃው ሳይፈታ የሞት ወሬ ምን አመጣው አላት። እሷ ግን መልስ እስክታገኝ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ደግነቱ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ለታቦራ ሰው ባሕር ባሕር የሚሸት ሁሉ ዛራሞ ነው። ዓሣ ያጠምዳል፣ ቆብ ይደፋል፣ ሽርጥ ያገለድማል፤ ታዲያ ዛራሞ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንድ መንደር ሙሉ ምታኒ! ካሉንዴ ያን ሌሊት እፎይ ብላ ተኛች።

ወሩ ሳያልቅ፣ መንደሩ ምዜ፣ ማለት አባባ፣ የሚለው ማኩንጉ ሞተ። የጀልባ አዛዥ የነበረ፣ በቁጠባው የሚታወቅ ሽማግሌ ነው፤ መንደሩ ግን ቁጠባ አይለውም፣ ስስት ነው የሚለው። ካሉንዴ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ስትሄድ ታየው ነበር። አንድ እግሩን ይጎትታል፣ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ሽርጡን ከፍ ያደርጋል፣ ከኋላው የጠራው ሰው ያለ ይመስል ጆሮውን ያቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ምታኒ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው የተፈጠረው።

ለቅሶው ቤት ሄዳ ከሴቶቹ ጋር እንደ ደንቡ አለቀሰች። ሩዙ ሲወጣ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የሟቹን ቆብ ደፍታ፣ ሽርጡን አገልድማ፣ እግሯን እየጎተተች ነው። መሀል ግቢው ላይ ቆመች። ሽርጧን ከፍ አደረገች። ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ ድስቱን አየችው።

«ይህን ሁሉ ሩዝ ማን አዘዘ?» አለች በማኩንጉ ጎርናና ድምፅ። «እኔ በሕይወቴ እንዲህ በልቼ አላውቅም። ክደኑት። እንግዶቹ ሲሄዱ ተነሥቼ እበላዋለሁ።»

የሳቀ የለም። ካሉንዴ ሳቁ የዘገየው በርቀት ምክንያት መስሏት ጠጋ ብላ ደገመችው። ያኔ የሟቹ እህት ተነሥታ ቆቡን ከካሉንዴ ራስ ላይ መነጨቀችው። ከኋላ አንዷ ይህች ሴት አብዳለች እንዴ ስትል ሌላዋ «አላበደችም፤ የማዶ ሰው ናት» አለቻት። በአነጋገሯ እብደቱ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ሾማሪ መስጊድ ድረስ ሄዶ ሽማግሌዎችን ይቅርታ ለመነ። ቤት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እነዚህ ሰዎች ዛራሞ አይደሉም» አላት።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«የደሴት ሰዎች ናቸዋ።»

«እኮ፣ የደሴት ዛራሞ።»

ሾማሪ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ምሳሲኒ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሰው ደጅ ቆማ «ሆዲ» ብትል ውስጥ ያለው ወሬ ይቋረጣል እንጂ «ካሪቡ» ብሎ የሚያስገባት የለም። ውሃ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ የሁሉም ባልዲ ድንገት ይሞላል። እሷን ያስጨነቃት መገለሉ አልነበረም፤ ሴት ስትባል መኮራረፏ የትም አይቀርም። የከነከናት ሌላ ነው። አንድም ምታኒ የሌለበት አገር ገብታለች። ሾማሪ ቢሞት፣ እሷም ብትሞት፣ በደረቁ ሊቀበሩ ነው።

የመንደሩ ሴቶች የኮኮናት ልጣጭ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ውስጥ ይቀብሩና፣ ሲበሰብስ አውጥተው እየቀጠቀጡ ገመድ ይፈትላሉ። ሽታው እንኳን ሰው ጋኔን ያባርራል። ካሉንዴም የሚያሳያት ስላልነበረ ከሩቅ አይታ ጉድጓድ ቆፈረች፣ ልጣጯን ቀበረች። ባሕሩ መጥቶ ወሰደው። እንደገና ቀበረች፤ እንደገና ወሰደው። ምላሷን ማውጣት ብቻውን በቂ አልሆነም።

እንዲህ ውሃው ውስጥ ቆማ የሚንሳፈፍ ልጣጭ ስታሳድድ፣ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ድንጋይ ጫኚበት እንጂ። ባሕሩ የእናትሽ ጓዳ መሰለሽ?»

የማኩንጉ ሚስት ሳሉማ ናት። የሐዘን ጊዜዋን ጨርሳ ከቤት መውጣት ከጀመረች ገና ጥቂት ቀን ነው። ካሉንዴ የምትገባበት ጠፋት። ድንጋይ ለቅማ ጫነች፤ ሳሉማ የራሷን ጉድጓድ እየነካካች ታያታለች።

«ያን ቀን የተራመድሽው አረማመድ» አለች በመጨረሻ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እሜቴ። አላወቅሁም ነበር።»

«ይቅርታ አምጪ አልኩሽ? ድገሚው ነው የምልሽ።»

ካሉንዴ ዙሪያውን አየች። ከሸርጣኖቹ በስተቀር ማንም የለም። እጇን ታጠበች፣ የለበሰችውን ካንጋ እንደ ሽርጥ አገለደመች፣ እግሯን እየጎተተች ጭቃው ላይ ሄደች።

«ግራውን ነው» አለች ሳሉማ። «ቀኙ ደህና ነበር።»

ካሉንዴ ተመልሳ በግራው ጀመረች። ቆመች፣ ሽርጧን ከፍ አደረገች፣ ጆሮዋን አቆመች። ሳሉማ መሳቅ ጀመረች። ከዚያ የካንጋዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቀነቃል፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አያስታውቅም። ቆይታ ነገሩን ነገረቻት። ሰው ሁሉ የማኩንጉን ጀልባ ያስታውሳል፣ ስስቱንም ያስታውሳል፤ ልጆቹ መልኩን ይዘዋል። አረማመዱን ግን ማንም አልወሰደውም። እዚያ ጓዳ ተዘግታ ስትቀመጥ ደጅ የሚጎተት እግር ይናፍቃት ነበር። ያን ቀን ሁሉም ሲጮኹ እሷ ሳቋ እንዳያመልጣት ካንጋዋን ነክሳ ነበር፤ እስኪቀደድ። ቀዳዳውን አሳየቻት።

ካሉንዴም በተራዋ የምታኒን ነገር አስረዳቻት። ሳሉማ ልጣጭ እያገላበጠች ሰማች።

«ዛራሞ መሆን የግድ ነው?»

«የግድ ነው።»

«እንግዲያው የአያቴ እናት ከማዶ የመጣች ናት ይባላል። ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዛራሞ ትሁን።»

«እንዴ፣ እንዲህ በዘፈቀደ ይሆናል?»

«ሞታለች እኮ። ምን ብላ ትከራከርሻለች?»

ካሉንዴ አሰበችበት። «በቃ፣ አንቺ የደረቀ ዓሣ» አለቻት።

«ምን አልሽ አንቺ የማር ዝንብ?» አለች ሳሉማ፤ ፊቷ በራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜቴ ቀረ፣ አንቱታውም ቀረ። ሳሉማ ሆዲ ሳትል ትገባለች፣ ከድስቱ ታነሣለች፣ ጨው በዛ ትላለች፣ ደግማ ታነሣለች። ካሉንዴ በመንገድ ስታገኛት ጥርሷን ባሕሩ ይዞት ሄደ ወይ ብላ በሰው ፊት ትጠይቃታለች። መንደሩ ጠብ የተነሣ መስሎት አንድ ሽማግሌ ሊያስታርቅ መጣ። ሁለቱም ተባብረው በእሱ ላይ ዞሩበት፤ ጫማውን ሳያጠልቅ ነው የወጣው።

ነገሩ እንደ ኩፍኝ ተዛመተ። በመጀመሪያ የሳሉማ እህት ዛራሞ ቅድመ አያት እንደነበራት ትዝ አላት፤ እህቷ ስለሆነች ይህ አያስገርምም። ቀጥሎ ቆቡን የመነጨቀችው ሴትዮ አንዲት አገኘች። ዓመት ሳይሞላ ምሳሲኒ ውስጥ ዛራሞ ቅድመ አያት የሌላት ሴት ጠፋች። ሰው ሲሞት ሟቹ ታጥቦ ሳያልቅ ልብሱን ወደ ካሉንዴ ይልኩታል። ኢማሙ አይወደውም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ ከለቅሶው ቤት ጀርባ ጉዳይ ይኖረዋል። አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ ሆኖ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ እሱ ሲሞት በምኑ እንደምታስመስለው ጠየቃት።

«ሲያስነጥስዎት ነው» አለችው። ሄደና ለብዙ ጊዜ ማስነጠሱን ተጠነቀቀ።

እንዲህ ሆኖ ካሉንዴ የሁሉም ምታኒ ሆነች። ለእሷ ቤት ግን ማን አለ? ሁሉም ይስቃል እንጂ ማንም አይራመድም። ይህ ነገር የከበዳት ሾማሪ የታመመ ጊዜ ነው።

ሾማሪ ከባቡር ከወረደ በኋላም መሬት አላመነም። ሲሄድ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ መታጠፊያው እንዳይጥለው ጉልበቱን አላልቶ፣ አንድ እጁን የሚደገፍበት ፍለጋ ወደ ጎን ዘርግቶ ነው፤ ግድግዳ በሌለበት ሜዳ እንኳ እጁ ግድግዳ ይፈልጋል። ካሉንዴ በሕይወቷ የብዙ ሰው አረማመድ ተራምዳለች፤ የእሱን ግን መራመድ አትችልም። ሚስት ናት፤ የእሷ ድርሻ ማልቀስ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ሾማሪም ገብቶት ይሆናል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ለሳሉማ ነጩን የወጥ ሠሪ ኮቱን ከምስማሩ አውርዳ እንድትይዘው ነገራት። ሳሉማ ልጠበው ብላ ወሰደችው፤ አልመለሰችውም።

ሾማሪ የዚያ ዓመት ዝናብ ሳያባራ ሞተ።

ከቀብር መልስ ግቢው ሞልቷል። ካሉንዴ መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ጓዳው ላለማየት ታገለች። ሳሉማ ያኔ አርጅታለች፤ ጉልበቷ አብጧል፤ ከወፈረች ቆይቷል። ኮቱ ሆዷ ላይ አልተቆለፈም። ወጣች፣ ዞረች፣ እጇን ዘረጋች።

«ባቡሩ ሊነሣ ነው» ብላ ጮኸች። «ያልበላ ይብላ። የበላ ይውረድ።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ከግድግዳው ማዶ እንኳ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ተሰማ። ካሉንዴ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ጎኗ እስኪወጋት፣ ነጠላ ጫማዋ እስኪወልቅ። ያላለቀሰችው ለቅሶ የመጣላት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሴቶቹም ተዉአት። ሰው ሲበተን ሳሉማ ኮቱን ሳታወልቅ ጉልበቷን እያሸች አጠገቧ ተቀመጠች። መልሱን እንደማትፈልግ ሆና ነው የጠየቀቻት።

«መሰልኩት?»

«ራሱን ነው» አለቻት ካሉንዴ። «ራሱን ሾማሪን።»

ይህን ለምትጽፈው ልጅ ካሉንዴ ሁሉንም ፈቅዳላታለች። የዶሮዎቹን ቅርጫት ጻፊ፣ ምላሴንም ጻፊ፣ ኢማሙንም ቢሆን ጻፊ ብላታለች። ሳሉማ የልጅ ልጇን አስነብባ ስለምትሰማ አንዲት ነገር ብቻ ተዪልኝ አለቻት። ያን ቀን ሳሉማ ሾማሪን ጨርሶ አልመሰለችውም። ሆዷን አስቀድማ፣ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ ልክ እንደ ሳሉማ ነው የሄደችው።