ስብሰባ ጥሎ የማይወጣው መካኒክ

የአውቶቡስ ጋራዡ ሠራተኞች «ሙጫው» ይሉታል። አንዴ ስብሰባ ከተቀመጠ የሚያስነሣው የለምና ነው።

ይህን ግትርነት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ብልሃት ነው፣ ያውም የሚያስደንቅ። ሙጫውና ጓደኞቹ በትልቁ ፓርቲ ውስጥ ያሉ ግራ ዘመሞች ናቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ስብሰባ ደግሞ ይረዝማል። አንዱ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ይወጣል፣ ሌላውን ይርበዋል፣ ሌላው ስልክ ላነሣ ብሎ በዚያው ይቀራል። ድምፅ የሚሰጠው ግን መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ ጥቂቶቹ ሳይነሡ ከቆዩ ብዙ ይሆናሉ ማለት ነው። የጋራዡ ጭስ ማውጫ የተሠራው በዚህ መንገድ ነበር።

ነርሷ ልጁ ይህን ብልሃት ገና በሕፃንነቷ፣ ጭኑ ላይ ተኝታ ነው የለመደችው። አሁን ግን መሯታል። የራሳችንን ፓርቲ እናቋቁም ትላለች። እሱ ቀስ በቀስ ነው ሲላት፣ «አባዬ፣ ያንተ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ገማ እኮ» ብላ ትስቅበታለች።

ከዚያ የፓርቲው መሪዎች ጋራዡን ለግል ኩባንያ ለማስተላለፍ ዕቅድ አመጡ። የፓርቲው ቅርንጫፍ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ነርሶቹና ሾፌሮቹ አብረው ስለመጡ፣ ግራ ዘመሞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም መውጣት መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ሰብሳቢው ይህ ሳይገባው አልቀረም።

«እናንተ የዚህ ቤት እንግዶች ናችሁ፤ በሩ እንደሆነ አልተቆለፈም» አላቸው።

ልጅቷ ብድግ አለች። ወጣቶቹ ሁሉ ተከተሏት። አባቷ እጅጌዋን ያዘ።

«ተቀመጪ ልጄ። ድምፁ ሳይሰጥ?»

«እስከ መቼ ልቀመጥ?» ብላ ወጣች።

እሱ ቀረ። ዕቅዱ በጥቂት እጅ ብልጫ አለፈ። የወጡት ቢኖሩ ይወድቅ ነበር።

ያገኛቸው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ነው፤ ጠረጴዛ ገጥመው በአዲሱ ፓርቲ ስም ይከራከራሉ። የሆነውን እንደቆመ ነገራቸው። አንድ ሾፌር ራሱን ያዘ። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቢሆንም አልተረታችም።

«አምና የክሊኒኩን ድምፅ አሸንፈን የለም? የት ደረሰ?»

የትም አልደረሰም። ውሳኔው መሪዎቹ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሙጫው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ግን የሚፈርመው አባል ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ አይበቃም።

«እኛ እኮ ወጥተናል፣ አባዬ።»

«ከአዳራሹ ነው የወጣችሁት። መልቀቂያ አላስገባችሁም።»

አባቷ የይግባኙን ወረቀት ከፊቷ አኖረ። መፈረም ማለት ከጓደኞቿ ፊት ረግጣ የወጣችውን ቤት የእኔ ነው ማለት ነበር።

«ፈርሜ እወጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «አብሬህ አልመለስም።»

«ፈርሚና ውጪ» አላት። እስክሪብቶውንም አቀበላት።

ፈረመች፤ ሌሎቹም እየተቀባበሉ ፈረሙ። አባቷ ወረቀቱን አጥፎ ወደ አዳራሹ ተሻገረ። እነሱም ወደ ስሙ ክርክር ተመለሱ፤ ድምፃቸው ግን እንደቅድሙ አልነበረም።