አስከሬን የሌለው ለቅሶ

እኔ ጆሃንስበርግ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መርዶ የሚባለው ነገር ሲያናድደኝ ነው የኖረው። ሰው ሞቷል፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የሟች ልጅ ብቻ ምንም ሳያውቅ ራቱን በልቶ ይተኛል። ዘመድ ስልኩን ያጠፋል፤ ጓደኛ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። እሱም ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም ምንም ሳይለው ይገባዋል። "ታዲያ ለምን አትደውሉለትም?" እያልኩ አባቴን ስንት ጊዜ ነዝንዣለሁ። የእሱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ሲወድቅ ስልኩ ይይዘዋል?"

ጊዜው የኮሮና የመጀመሪያው ሎክዳውን ነበር። ካትሌሆንግ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያለው የአባቴ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ ሱቁ፣ ስለተዘጋ፣ ከሳሙናና ከዳቦ መደርደሪያ ርቆ መዋል የማያውቀው ሰውዬ ሜይፌር ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ሲንጎራደድ ይውላል። እናቴ አስም ስላለባት ከበር ውጭ እግሯን አታነሳም፤ የበሩን እጀታ እንኳ በጨርቅ ይዛ ነው የምትከፍተው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን በስልኬ እከታተላለሁ፤ ዳታዬ ሲያልቅ መምህሯ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሆሳዕና ተደወለ። የጋሼ እናት አርፈዋል። ጋሼ የሥጋ ዘመዳችን አይደለም፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገ፣ በአንድ ቸርች የሚያመልክ፣ ክሊፕታውን ሱቅ ያለው፣ ያላገባ ሰው ነው። ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ በተከራያት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር፤ ስለዚህ ከአባቴ ቀጥሎ የምፈራውም የምወደውም እሱን ነው። እናቱን ካያቸው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወረቀቱ የጥገኝነት ስለሆነ፣ ወደ አገር ቤት ከሄደ መመለሻ የለውም።

አባቴ ያን ምሽት ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። አገር ቤት ያሉት ለጋሼ እንዳይደውሉለት፣ ማንም የሟችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እንዳይለጥፍ አስጠነቀቀ። ከዚያ ሌሎቹን የቸርች ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጠራቸው። እኔ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አባዬ፣ መሰብሰብ ተከልክሏል። ፖሊስና ወታደር መንገድ ላይ ነው።"

"ለቅሶ አልተከለከለም። በዜና ሰምቻለሁ፤ እስከ ሃምሳ ሰው ይፈቀዳል ብለዋል። እኛ ስድስት ነን።"

"እሱ ለቀብር ነው'ኮ።"

"ቀብርና ለቅሶ ምን ለያቸው?" አለኝ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ቀጥሎም "አንቺም ትመጫለሽ። ካስቆሙን አፍ ትሆኚልናለሽ" አለ።

እኔም አፍ ልሆን ሄድኩ። ለነገሩ ይህ ከድሮም ሥራዬ ነው፤ ባንክም፣ ክሊኒክም፣ የስደተኞች ቢሮም የቤተሰቡ አፍ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የዚህ አገር ልጆች እንግሊዝኛ ነው፤ ዙሉም እናገራለሁ። ቋንቋ የማይከፍተው በር የለም ብዬ የማምን ሞኝ ነበርኩ።

ጎህ ሲቀድ የጋሼ ግቢ በር ላይ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ማስክ አድርገዋል፤ ርቀታችሁን ጠብቁ ስለተባሉም በአጥሩ ጥግ ተራርቀው ቆሙ። ሁሉም ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ተራርቀው መቆማቸው ይባስ ብሎ ጥበቃ የቆሙ ወይም የሚያደቡ አስመሰላቸው፤ ብንተቃቀፍ ኖሮ ምናልባት ለቅሶ እንመስል ነበር። አባቴ ወደ ደወሉ እጁን ሲዘረጋ የፖሊስ ቫን ከጥጉ ታጠፈ።

ሁለት ፖሊሶች ወረዱ፤ ሁለቱም ጥቁሮች፣ አንዱ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት። "ማይ ፍሬንድ" አለው አባቴን። በየታውንሺፑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ የእኛን ባለ ሱቆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፤ ስማቸውን ለማወቅ የማይደክሙላቸው ሰዎች መጠሪያ ነው። "ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ምን ስብሰባ ነው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አፌን ሳልከፍት ግን ጋሼ በቫኑ ድምፅ ነቅቶ፣ በካናቴራ፣ ከጓሮው ብቅ አለ። በብረቱ በር ፍርግርግ በኩል መጀመሪያ ፖሊሶቹን አየ። ቀጥሎ አባቴን፣ ቀጥሎ በአጥሩ ጥግ የቆሙትን አንድ በአንድ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ገና ግን እርግጠኛ አልነበረም። ፖሊስ ስላለ ለሌላ ጉዳይ የመጡም ሊመስለው ይችላል፤ ያቺን ተስፋ ፊቱ ላይ አይቻታለሁ።

"ምክንያት ከሌላችሁ ሁላችሁንም እወስዳለሁ" አለ ወጣቱ ፖሊስ። "ሲሲ፣ እህቴ፣ አንቺ ተናገሪ። ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?"

አባቴ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዳትናገሪ" አለኝ። እንዲህ አይባልማ። መጀመሪያ ወደ ቤት ይገባል፣ ይጸለያል፣ ሁለት ጠንካራ ሰው ግራና ቀኙን ይይዘዋል፣ ከዚያ ታላቅየው ይናገራል። አባቴ ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ መታሰርን መርጧል። እኔ ደግሞ አባቴ እንዳይታሰር ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም ኪሱ ውስጥ ያለው የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፏል። የሚያሳድሰው ቢሮ በሎክዳውኑ ተዘግቷል። ሁሉም ወረቀት በራሱ ተራዝሟል ተብሎ ታውጇል፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። በዚያ ወረቀት ታስሮ ስደተኛ ከአገር ወደሚባረርበት ካምፕ ቢወስዱት ማን ይመልስልኛል?

ስለዚህ ተናገርኩ። ጋሼ እንዳይሰማ በፍጥነት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ ለፖሊሱ ነገርኩት። ፖሊሱ ጆሮውን አስጠጋና "በማስኩ አልሰማሽም፣ ጮክ በይ" አለ።

ጮክ አልኩ። "የዚህ ሰው እናት አርፈዋል። ሊነግሩት ነው የመጡት።"

ጋሼ ዕድሜውን በሱቅ የጨረሰ ሰው ነው፤ ይህችን እንግሊዝኛ እንዴት አይሰማም? የበሩን ብረት በሁለት እጁ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ርቀታቸውን ረስተው ወደ እሱ ተንደረደሩ፤ ፖሊሶቹ "ርቀት፣ ርቀት" እያሉ በዱላ ደረታቸውን ገፏቸው። በሩም ቢሆን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ውስጥ ነው። ጋሼ ብረቱን እንደያዘ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ተቀመጠ። የያዘው ሰው አልነበረም።

ወጣቱ ፖሊስ ክፉ ሰው አይደለም። "አዝናለሁ" አለ፤ ማስኩንም አስተካከለ። ከዚያ "አስከሬኑ የት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ኢትዮጵያ።"

"እንግዲያው ለቅሶው ኢትዮጵያ ነው። እዚህ ያለው ስብሰባ ነው።"

ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቫኑ ላይ ጫኗቸው። እኔ ልሳፈር ስል ትልቁ ፖሊስ በዙሉ "አንቺ የእኛ ልጅ ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ" አለኝና በሩን ዘጋው። አባቴ በፍርግርጉ በኩል ከጋሼ ጋር እንድሆን በእጁ ምልክት ሰጠኝ። እኔ ግን ጋሼን ትቼ ከቫኑ ኋላ ሮጥኩ። ጎረቤት ያሉት የእኛ ሰዎች መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው አይተው መለሱት፤ አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም ኪስ ውስጥ ያለችው ያችው ወረቀት ናት።

ፖሊስ ጣቢያው ከሜይፌርም፣ ከኮረብታው ማዶ ግቢያቸው ሰፊ ከሆኑት የሀብታም ሰፈሮችም ሰው ይመጣበታል። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው ፖሊስ እናቴን የምታህል ሴት ናት። በዙሉ ሰላም ስላት ፊቷ ፈካ፤ እጄ ላይ ሳኒታይዘር አፈሰሰችልኝ። የአባቴን ስም ስነግራት ግን ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። "ወረቀቱ አልፏል" አለች። "ተራዝሟል ተብሏል" አልኳት። "እዚህ ላይ አላየሁትም" አለች። እሷም ልክ ናት፤ እዚያ ላይ የለም።

እንዲህ እየተባባልን ሳለ አንድ ነጭ ሰውዬ በቁምጣና በሩጫ ጫማ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር ገባ። በዚያን ሰሞን ለሩጫ መውጣት ጭራሽ ክልክል ነበር። ሰውዬው ቤት ውስጥ መቆየት እንደሚያሳብደው፣ ማንንም እንዳልነካ፣ ማስክም ኪሱ ውስጥ እንዳለ እየሳቀ ያስረዳል። መታወቂያ አልያዘም፤ የጠየቀውም የለም። "ሰር፣ ሁለተኛ እንዳይደገም" አለችው ባለ ባንኮኒዋ፤ እሱም አመስግኖ ወጣ። ለክፋት አልነበረም። አፏ እንዲሁ ለምዶት ነው፤ እንዲያውም ከወጣ በኋላ ወደ እኔ እያየች ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች፣ ሰውዬው እሷንም እንዳሰለቻት ልታጋራኝ።

ከወራት በኋላ በስልኬ ትምህርት ላይ ተቋማዊ ዘረኝነት የሚባለው ተነሣ። አንዱ ተማሪ "ፖሊሶቻችን ጥቁሮች ናቸው፤ የምን ዘረኝነት?" አለ። ከሶዌቶ የምትማረዋ ልጅ ተቆጣች፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ወንድሟን ወታደሮች እንደ እንቁራሪት እንዳስዘለሉት ነገረችን። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ሲወጣ እንኳ ግቢው አብሮት ይወጣል፣ ማንም አይነካውም፤ ፖሊሱ ጥቁር ቢሆንም መንገዱን ያሰመሩለት ሌሎች ናቸው አለች። መምህሯ የእኔን ስም አይታ "አንቺስ የስደተኛ ልጅ እንደመሆንሽ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ካሜራዬ ተዘግቷል። ዳታዬ ያለቀ እንዲመስላት ከትምህርቱ ወጣሁ። ምን ልበላት? በዚያች ቀን እንደ እብድ የምጮህበት ሰው ፈልጌ አጣሁ'ኮ። አንዱ አዝናለሁ ብሎኛል፣ አንዱ ልጃችን ብሎኛል፣ አንዷ እጄን በሳኒታይዘር አጥባልኛለች። ሁሉም ደግ ሆነው አባቴን አሰሩት። ሽማግሌዎቹ በነጋታው የወጡት ጥፋተኛ ነን ብለው ፈርመው ነው፤ ያ ፊርማ የወንጀል መዝገብ እንደሚሆን የነገራቸው የለም። አባቴ አሁን ወረቀት ሊያሳድስ በሄደ ቁጥር ያ መዝገብ ቀድሞት ይደርሳል።

ያን ቀን ግን ገና ባንኮኒው ጋ ቆሜያለሁ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ጋሼ ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ካናቴራው ላይ ኮት ደርቧል፣ ብብቱ ሥር ብርድ ልብስ ይዟል። አላለቀሰም። የሚያስለቅሰው ሰው መቼ አገኘ? ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

"እዚህ ናቸው?" አለኝ።

"ውስጥ ናቸው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ከእነሱ ጋር ያስገቡኝ በያት።"

ለፖሊሷ ነገርኳት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሏት ደግሜ እንድናገር አደረገችኝ። "ምን አጠፋ?" አለች።

"ምንም። እናቱ ሞታለች። ከእነሱ ጋር መሆን ይፈልጋል።"

"ምንም ያላጠፋ ሰው አላስርም።"

ይህን ስተረጉምለት ጋሼ ትንሽ አሰበ። "ያለ ፈቃድ ከቤት ወጥቻለሁ። መንገድ ላይ ነበርኩ። ይሄ ጥፋት አይደለም ወይ? ንገሪያት" አለኝ። ወረቀቱንም ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት፤ የእሱም ጊዜው አልፏል። ጣቱን ቀኑ ላይ አድርጎ አሳያት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ እሱን አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይህን አልክድም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። "ዛሬ በማስጠንቀቂያ ትቼዋለሁ በይው" አለችኝ፤ "በነፃ ይሂድ።"

ጋሼ ወረቀቱን የተቀበለበትን እጁን እንደዘረጋ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለች?"

"ወደ ቤትህ ሂድ ነው የምትለው፣ ጋሼ።"

"እዚያ ማን አለ?" አለኝ።